የስደተኞችና የጥገኝነት ጠያቂዎች ዓለም አቀፍ የሕግ ጥበቃ፡- ከጄኔቫ ስምምነት እስከ ወረዳ ጽህፈት ቤት

በአርሲ ዞን የዲገሉና ጢጆ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው ሳጉሬ ከአሰላ ወደ በቆጂ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በጭላሎ ተራራ አቅራቢያ፣ ስንዴና ገብስ በስፋት በሚመረትበት ደጋ ላይ ትገኛለች። ከተማዋ ከየትኛውም የአገሪቱ ድንበር የራቀች ናት። አብዛኞቹ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያዎች ደግሞ የሚገኙት በጋምቤላ፣ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ በሶማሌና በአፋር ክልሎች እንዲሁም በሰሜን ምዕራብ የአገሪቱ ክፍል ነው። በዚህም ምክንያት በእንዲህ ዓይነቱ ወረዳ የሚሠሩ የመንግሥት ሠራተኞች ስለ ስደተኞች የወጡ ሕጎችን የድንበር ኬላ ሠራተኞች ብቻ ሊያውቋቸው የሚገቡ አድርገው መመልከታቸው የተለመደ ነው።

አመለካከቱ ግን ከሕጉም ሆነ ከእውነታው ጋር አይሄድም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የስደተኞች አዋጅ ለስደተኞች ከመጠለያ ውጭ የመንቀሳቀስና የመሥራት መብትን አውቋል። ጥገኝነት የሚጠይቅ ሰው ማመልከቻውን በአቅራቢያው ለሚገኝ ፖሊስ ጣቢያ ሊያቀርብ እንደሚችልም ተደንግጓል። ፖሊስ ጣቢያ የሌለበት ወረዳ ደግሞ የለም። ከዚህም ሌላ አርሲ ወጣቶቿ፣ በተለይም ሴቶች፣ ወደ ዓረብ አገራት በብዛት ከሚሄዱባቸው አካባቢዎች አንዷ በመሆኗ፣ ከአገር የሚወጣው ዜጋ በሄደበት የትኛው ሕግ ይጠብቀዋል የሚለው ጥያቄ የወረዳው አስተዳደር የዕለት ተዕለት ጥያቄ ነው።

በቅድሚያ ስለ ቃሉ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በአማርኛ "ስደተኛ" የሚለው ቃል ሕይወቱን ለማትረፍ ወሰን የተሻገረውንም፣ ሥራ ፍለጋ የወጣውንም፣ አልፎ አልፎም በአገሩ ውስጥ የተፈናቀለውን ሁሉ ያጠቃልላል። የወረዳው የሥራ ቋንቋ በሆነው አፋን ኦሮሞ "በቀታ" የሚለው የሸሸን ሰው፣ "ጎዳንሳ" የሚለው ደግሞ ከቦታ ወደ ቦታ መሄድን ስለሚያመለክት ልዩነቱ በተሻለ ይታያል። በሕግ ዓይን ልዩነቱ መሠረታዊ ነው። ሥራ ፈላጊው በአገሩ መንግሥት ጥበቃ ሥር እንዳለ ይቆጠራል። ስደተኛው ግን ያንን ጥበቃ ያጣ ወይም በበቂ ምክንያት ሊጠቀምበት የማይፈልግ በመሆኑ ሌላ አገርና ዓለም አቀፉ ማኅበረሰብ ጥበቃውን ይተኩለታል። የስደተኞች ሕግ ምንነት በአጭሩ ይኸው ነው።

"ጥገኝነት ጠያቂ" የሚባለው ደግሞ ስደተኛ ነኝ ብሎ ያመለከተና ጥያቄው ገና ውሳኔ ያላገኘ ሰው ነው። ጥያቄው እስኪወሰን ድረስ ስደተኛ ሊሆን እንደሚችል ታሳቢ ተደርጎ እንዲያዝ የሚያስገድድ መርህ አለ። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ውሳኔ ማንንም ስደተኛ አያደርግም። ሰውየው አስቀድሞ ስደተኛ የነበረ መሆኑን ያረጋግጣል እንጂ። ገና ሳይመረመር ወደ መጣበት የተመለሰ ሰው ስህተቱ በይግባኝ ሊታረምለት አይችልም።

የዘመናዊው ሕግ መነሻ ሐምሌ 21 ቀን 1943 ዓ.ም. በጄኔቫ የጸደቀውና በተለምዶ እ.ኤ.አ. የ1951 ኮንቬንሽን እየተባለ የሚጠራው የስደተኞች ሁኔታ ስምምነት ነው። ስምምነቱ ሲረቀቅ በጉባኤው የተገኙት 26 አገሮች ልዑካን ሲሆኑ በዓይነ ሕሊናቸው የነበረው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአውሮፓ የተበተነው ሕዝብ ነበር። ለዚህም ነው ስምምነቱ እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 1951 በፊት በተከሰቱ ሁኔታዎች ምክንያት የተሰደዱትን ብቻ እንዲመለከት ተደርጎ የተጻፈው። እ.ኤ.አ. በ1967 የወጣው ፕሮቶኮል ይህን የጊዜ ገደብ አንስቶታል።

ኮንቬንሽኑ ስደተኛ የሚለው በዘሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በዜግነቱ፣ በአንድ የተለየ ማኅበራዊ ቡድን አባልነቱ ወይም በፖለቲካ አመለካከቱ የተነሳ መሳደድ ይደርስብኛል የሚል በቂ ምክንያት ያለው ፍርሃት አድሮበት ከዜግነት አገሩ ውጭ የሚገኝን ሰው ነው። በዚህ ትርጉም ውስጥ ሁለት ነገሮች ሊዘነጉ አይገባም። አንደኛ፣ ሰውየው ወሰን የተሻገረ መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ ፍርሃቱ ከተጠቀሱት አምስት ምክንያቶች ከአንዱ ጋር የተያያዘ መሆን አለበት። ድርቅ፣ ሥራ ማጣት ወይም ድህነት በራሳቸው በትርጉሙ ውስጥ አይካተቱም።

አፍሪካ ይህ ትርጉም እንደማይበቃት የተገነዘበችው ቀደም ብላ ነው። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የመንግሥታትና የአገር መሪዎች ጉባኤ ጳጉሜን 5 ቀን 1961 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ያጸደቀው የስደተኞች ስምምነት የጄኔቫውን ትርጉም እንዳለ ከወሰደ በኋላ አንድ ዐረፍተ ነገር ጨምሮበታል። በውጭ ወረራ፣ በባዕድ ይዞታ ወይም አገዛዝ፣ አልያም በአገሩ በከፊል ወይም በሙሉ የሕዝብን ሰላም በጽኑ የሚያናጋ ሁኔታ በመከሰቱ መኖሪያውን ትቶ የተሰደደ ሰው ሁሉ ስደተኛ ነው የሚል ነው። በዚህ ትርጉም መሠረት ሰውየው በግሉ ዒላማ መሆኑን ማስረዳት አይጠበቅበትም። መንደሩ የጦር ሜዳ መሆኑ ይበቃል። ይህ የሕግ ማሻሻያ ከአውሮፓ የተቀዳ ሳይሆን በአህጉሩ የተወለደ መሆኑ ሊታወቅ ይገባል። ስምምነቱ ሰኔ 13 ቀን 1966 ዓ.ም. በሥራ ላይ ውሏል።

ያው የአፍሪካ ስምምነት ጥገኝነት መስጠት ሰላማዊና ሰብዓዊ ተግባር በመሆኑ ማንኛውም አባል አገር እንደ ጠብ አጫሪነት ሊመለከተው እንደማይገባ ደንግጓል። ድንጋጌው ለጎረቤት አገሮች ግንኙነት ያለው ፋይዳ ከፍተኛ ነው። በሌላ በኩል ስደተኛው በተጠለለበት አገር ሆኖ በመጣበት አገር ላይ የማፈራረስ ተግባር እንዳይፈጽም ይከለክላል። በተቻለ መጠንም ከድንበር ርቆ እንዲሰፍር ያዛል።

ኢትዮጵያ የ1951 ኮንቬንሽንንና የ1967 ፕሮቶኮልን በአንድ ቀን፣ ኅዳር 1 ቀን 1962 ዓ.ም.፣ ተቀብላለች። ያን ጊዜ ግን በኮንቬንሽኑ አራት ድንጋጌዎች ላይ፣ ማለትም በአንቀጽ 8፣ 9፣ 17 ንዑስ አንቀጽ 2 እና 22 ንዑስ አንቀጽ 1 ላይ ተዐቅቦ በማድረግ፣ እንደ ምክር እንጂ እንደ አስገዳጅ ግዴታ እንደማትቀበላቸው አስታውቃለች። ከእነዚህ ውስጥ በሥራ ላይ ይበልጥ የተነካኩት ሁለቱ ናቸው። አንቀጽ 17 ስለ ደመወዝ ሥራ፣ አንቀጽ 22 ስለ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ይናገራሉ። ስደተኛው ለረጅም ዓመታት በመጠለያ ተወስኖ በዕርዳታ እህል የኖረው በከፊል ከዚህ የተነሳ ነው ማለት ይቻላል።

በፌዴራሉ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 9 ንዑስ አንቀጽ 4 መሠረት ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው። ይህ ማለት የወረዳ ፖሊስ አዛዥ ወይም የጽህፈት ቤት ኃላፊ በጄኔቫ ስምምነት የሚገደደው የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ደብዳቤ ስለጻፈለት አይደለም። እንደ ማንኛውም አዋጅ ስለሚመለከተው ነው።

ከሁሉም ድንጋጌዎች የላቀ ቦታ የሚሰጠው በኮንቬንሽኑ አንቀጽ 33 የሰፈረው ያለመመለስ መርህ ነው። ማንኛውም አገር ስደተኛን ሕይወቱ ወይም ነጻነቱ አደጋ ላይ ወደሚወድቅበት ግዛት ወሰን በማናቸውም መንገድ ማባረር ወይም መመለስ አይችልም። "በማናቸውም መንገድ" የሚለው ሐረግ በጥንቃቄ የተመረጠ ነው። በፍርድ ቤት ትእዛዝ ማስወጣትም፣ ከኬላ ላይ ወደ ኋላ መግፋትም፣ በሦስተኛ አገር በኩል አሳልፎ መስጠትም በዚሁ ይጠቃለላሉ። መርሁ ልዩ ሁኔታ የለውም ማለት ግን አይደለም። ለተጠለለበት አገር ደህንነት አደጋ ነው ተብሎ በበቂ ምክንያት የሚታመን ወይም በተለይ ከባድ ወንጀል ፈጽሞ የመጨረሻ ፍርድ የተሰጠበትና ለኅብረተሰቡ አደገኛ የሆነ ሰው ከጥበቃው ሊወጣ ይችላል። ያም ቢሆን ማሰቃየትን የሚከለክለው ሌላው ዓለም አቀፍ ስምምነት ለዚሁ ሰው ጭምር ይሠራል።

በተመሳሳይ ሁኔታ በሰላም ላይ የሚፈጸም ወንጀል፣ የጦር ወንጀል ወይም በሰብዓዊነት ላይ የሚፈጸም ወንጀል የፈጸመ ሰው ከመጀመሪያውኑ የስደተኛነት ጥበቃ አያገኝም። ይህን የሚወስነው ግን ሥልጣን የተሰጠው አካል እንጂ ሰውየውን መጀመሪያ ያገኘው ፖሊስ አይደለም።

አንቀጽ 31 በወረዳ ደረጃ ይበልጥ ሊታወቅ የሚገባው ነው። ሕይወቱ አደጋ ላይ ከነበረበት ግዛት በቀጥታ የመጣ ስደተኛ ያለ ፈቃድ አገር ውስጥ በመግባቱ ብቻ ሊቀጣ አይችልም። ሳይዘገይ ለባለሥልጣን መቅረብና በቂ ምክንያት ማሳየት ግን ይጠበቅበታል። ፓስፖርት ሳይዙ መሸሽ የስደት ባሕርይ በመሆኑ፣ ሰነድ የለውም ተብሎ በሕገ ወጥ ዝውውር ክስ የሚመሠረትበት ጥገኝነት ጠያቂ ቢኖር ሕጉ ከታሰበለት ዓላማ ውጭ ሥራ ላይ ውሏል ማለት ነው።

የአገሪቱ የጥገኝነት ታሪክ በየአጋጣሚው ይነሳል። በሰባተኛው ክፍለ ዘመን የነቢዩ መሐመድ ተከታዮች ከመካ ተሰደው በአክሱም ንጉሥ ዘንድ መጠለላቸው ሊያኮራ የሚገባ ነው። ይሁንና ኢትዮጵያውያን ራሳቸው የተሰደዱባቸው ጊዜያትም በእኩል ሊታወሱ ይገባል። በጣሊያን ወረራ ወቅት ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1940 በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ በስደት ኖረዋል። በሺህ የሚቆጠሩ ተራ ዜጎችም ወደ ኬንያ፣ ሱዳንና ጅቡቲ ተሰደዋል። በኬንያ ኢሲዮሎ የተጠለሉት ይጠቀሳሉ። ከሦስት ዐሥርት ዓመታት በኋላ የአፍሪካው የስደተኞች ስምምነት አዲስ አበባ ላይ ሲፈረም አስተናጋጁ እኒሁ በስደት ያለፉት ንጉሠ ነገሥት ነበሩ።

በደርግ ዘመንም ሱዳን ውስጥ የተጠለሉት ኢትዮጵያውያን በአህጉሩ ካሉት ትላልቅ የስደተኛ ማኅበረሰቦች አንዱ ነበሩ። የስደተኛነት ደረጃ ዘላለማዊ አለመሆኑን የሚያሳየው አንዱ ምሳሌም ከዚሁ ይገኛል። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በፊት ለተሰደዱ ኢትዮጵያውያን የሚሰጠው የቡድን ጥበቃ የካቲት 22 ቀን 1992 ዓ.ም. እንዲያበቃ ወስኗል። ስደቱን ያስከተለው ሁኔታ በመሠረቱ ሲለወጥ ጥበቃው ሊቋረጥ እንደሚችል ኮንቬንሽኑ ስለሚፈቅድ ነው። ከዚያ በኋላ በሌላ ምክንያት መመለስ የማይችል ሰው ጉዳዩ በግል እንዲታይለት መጠየቅ ይችላል።

ኢትዮጵያ ስምምነቶቹን ከተቀበለች በኋላ የራሷን የስደተኞች አዋጅ ለማውጣት ከ30 ዓመታት በላይ ወስዶባታል። አዋጅ ቁጥር 409/1996 የመጀመሪያው ነው። አዋጁ የስደተኛነት መወሰኛ ሥርዓትን የዘረጋ ቢሆንም በሥራና በመዘዋወር ረገድ ጠባብ ነበር። በ2002 ዓ.ም. ለኤርትራውያን ስደተኞች የተፈቀደው ከመጠለያ ውጭ የመኖር አሠራር የመጀመሪያውን በር ከፍቷል። መስከረም 10 ቀን 2009 ዓ.ም. ኒው ዮርክ በተካሄደው የመሪዎች ጉባኤ ላይ ደግሞ መንግሥት ዘጠኝ ቃል ኪዳኖችን ገብቷል። ከነዚህም መካከል ከስደተኞች 10 በመቶ የሚሆኑት ከመጠለያ ውጭ እንዲኖሩ፣ 10 ሺህ ሄክታር በመስኖ የሚለማ መሬት እንዲዘጋጅ፣ በኢንዱስትሪ ፓርኮች ከሚፈጠረው 100 ሺህ የሥራ ዕድል 30 ሺህ ያህሉ ለስደተኞች እንዲሆን የሚሉት ይገኙበታል።

እነዚህን ቃል ኪዳኖች ወደ ሕግ የለወጠው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጥር 9 ቀን 2011 ዓ.ም. ያጸደቀው የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ነው። አዋጁ ስደተኞች በአገሪቱ የመዘዋወርና የመኖሪያ ቦታቸውን የመምረጥ፣ በሕግ ለውጭ አገር ዜጎች በተፈቀደው እጅግ ምቹ ሁኔታ ተቀጥረው ወይም በግላቸው የመሥራት፣ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት እንደ ኢትዮጵያውያን የመስተናገድ፣ የጤና አገልግሎት የማግኘት፣ የባንክ ሒሳብ የመክፈትና ፍርድ ቤት የመቅረብ መብቶችን አካቷል። በተዐቅቦ ታልፈው የነበሩት ጉዳዮች በአገር ውስጥ ሕግ በዚህ መልኩ ተመልሰዋል። በ2011 እና 2012 ዓ.ም. የወጡት መመሪያዎችም ከመጠለያ ውጭ ስለሚኖሩበት ሁኔታ፣ ስለ ሥራ ፈቃድና ስለ ቅሬታ አቀራረብ ዝርዝር አስቀምጠዋል። በሕግ የተጻፈው ግን በሙሉ በተግባር ታይቷል ማለት አይደለም። ቁጥሩ ቀላል የማይባል ስደተኛ አሁንም ኑሮው በመጠለያ፣ ገቢውም በዕርዳታ ላይ የተመሠረተ ነው። የዓለም አቀፉ ዕርዳታ በየጊዜው በተቀነሰ ቁጥር ራሽኑም አብሮ ይቀንሳል።

ኢትዮጵያ ዛሬ ያስጠለለቻቸው ስደተኞች ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሲሆኑ አብዛኞቹ ከደቡብ ሱዳን፣ ከሶማሊያ፣ ከኤርትራና ከሱዳን የመጡ ናቸው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን የተቀሰቀሰው ጦርነት በመተማና በኩርሙክ በኩል አዲስ ፍልሰት አስከትሏል። አቀባበሉ ለሁሉም አንድ ዓይነት አይደለም። ከደቡብ ሱዳንና ከሶማሊያ የሚመጡት በቡድን ዕውቅና ያገኛሉ። ኤርትራውያን ግን ከጥር 2012 ዓ.ም. ወዲህ ይኸው የቡድን ዕውቅና ቀርቶባቸው ጉዳያቸው በግል የሚታይ ሆኗል። በትግራይ የነበሩት የሽመልባና የህፃፅ መጠለያዎች በ2013 ዓ.ም. በጦርነቱ መውደማቸውና ስደተኞቹ ለሁለተኛ ጊዜ መሰደዳቸው፣ ጥበቃ በወረቀት ላይ ባለ ደረጃ ብቻ የማይለካ መሆኑን አሳይቷል። ከነዚህ መካከል የተወሰኑት በአማራ ክልል ዳባት አካባቢ ወደተቋቋመው አለምዋጭ የተዛወሩ ሲሆን በርካቶች ወደ አዲስ አበባና ወደ ሌሎች ከተሞች ሄደዋል።

አንድ ጥገኝነት ጠያቂ በሳጉሬም ሆነ በሌላ የመሐል አገር ከተማ ቢገኝ የሚከተለው ሥርዓት ውስብስብ አይደለም። ወደ አገር በገባ በ30 ቀናት ውስጥ በአቅራቢያው ለሚገኝ የስደተኞችና ተመላሾች አገልግሎት ጽህፈት ቤት ወይም ለፖሊስ ጣቢያ ያመለክታል። የፖሊስ ድርሻ ማመልከቻውን ተቀብሎ ለአገልግሎቱ ማስተላለፍ ነው። ተቋሙ ቀደም ሲል የስደተኞችና ከስደት ተመላሾች ጉዳይ አስተዳደር ይባል የነበረው ሲሆን የአሁኑን ስያሜውን ያገኘው በ2014 ዓ.ም. ነው። ማመልከቻው ውድቅ የተደረገበት ሰው ለይግባኝ ሰሚ አካል የማቅረብ መብት አለው። ይግባኙ እስኪታይም በአገሪቱ ይቆያል።

በዚህ ሂደት ከሚፈጸሙ ስህተቶች ሁሉ የከፋው ማንነቱን ለማጣራት በሚል ቅን ሐሳብ ወደ ሰውየው አገር ኤምባሲ መደወል ወይም ደብዳቤ መጻፍ ነው። ሸሽቶ የመጣበትን መንግሥት ያለበትን ቦታ ማሳወቅ ሰውየውንም በአገሩ የቀረውን ቤተሰቡንም ለአደጋ ያጋልጣል። ምስጢር ጠባቂነት በስደተኞች አስተዳደር ውስጥ እንደ ትሕትና የሚታይ አይደለም፤ ከጥበቃው አንዱ ክፍል ነው። አስተርጓሚ ሲመረጥም ይኸው ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

በወረዳ ደረጃ በተደጋጋሚ ከስደተኛ ጋር የሚምታታው የአገር ውስጥ ተፈናቃይ ነው። ተፈናቃዩ ወሰን ያልተሻገረ የአገሪቱ ዜጋ በመሆኑ የስደተኞች አዋጅ አይመለከተውም። በምትኩ የአፍሪካ ኅብረት ጥቅምት 13 ቀን 2002 ዓ.ም. ካምፓላ ላይ ያጸደቀውና ኅዳር 27 ቀን 2005 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው ስምምነት አለው። ኢትዮጵያ ይህን ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 1187/2012 አጽድቃለች። ተፈናቃይን መታወቂያ መከልከል ወይም "የመጣህበት ወረዳ ሂድ" ማለት ዜጋን እንደ ባዕድ መቁጠር ይሆናል።

ከአርሲ ወደ ውጭ የሚሄዱትን በሚመለከት ደግሞ ሁኔታው የተለየ ነው። የብዙዎቹ መዳረሻ የሆኑት ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ኩዌት፣ ኦማን፣ ኳታር፣ ባሕሬንና የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች፣ ሊባኖስም ጭምር፣ የ1951 ኮንቬንሽን አባል አይደሉም። በዓረብ ልሳነ ምድር የኮንቬንሽኑ አባል የሆነችው የመን ብቻ ስትሆን እርሷ ራሷ በጦርነት ውስጥ የቆየች አገር ናት። ስለዚህ በደላላ ተታልሎ "እዚያ ደርሰህ ጥገኝነት ትጠይቃለህ" የተባለ ወጣት የተነገረው ሐሰት ነው። በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዓረቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ሲመለሱ በአብዛኛው የታዩት በስደተኛ ሕግ ሳይሆን የመኖሪያ ፈቃድ እንደሌላቸው ሠራተኞች ነው። የእነዚህ ዜጎች ጥበቃ የሚመነጨው ከሁለትዮሽ የሥራ ስምምነቶች፣ ከውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 እና ከማሻሻያው፣ እንዲሁም በሰው መነገድንና ሰውን በድንበር ማሻገርን ለመከላከል ከወጣው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ነው። የወረዳ የሥራና ክህሎት ባለሙያዎች ይህን ለወላጆች በግልጽ ቢያስረዱ ከብዙ የግንዛቤ መድረክ ይበልጣል።

የወሳኝ ኩነት ምዝገባን በተመለከተ ለረጅም ጊዜ የነበረው ክፍተት የተዘጋው በአዋጅ ቁጥር 1049/2009 ነው። የቀድሞው አዋጅ ቁጥር 760/2004 ስደተኞችን አላካተተም ነበር። በማሻሻያው መሠረት ጥቅምት 17 ቀን 2010 ዓ.ም. የስደተኞች የልደት፣ የጋብቻ፣ የፍቺና የሞት ምዝገባ ተጀምሯል። የልደት ምስክር ወረቀት ለሕፃኑ የኢትዮጵያ ዜግነት አይሰጥም። የት፣ መቼና ከማን እንደተወለደ ግን ያረጋግጣል፤ ይህም ወደ አገሩ ሲመለስ ዜግነቱን የሚያስረዳበት ሰነድ ይሆነዋል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ስደተኞች የፋይዳ ቁጥር እንዲያገኙ መደረጉም በባንክና በስልክ አገልግሎት ረገድ የነበረውን ችግር አቃሎታል።

በምዝገባው ላይ መዝጋቢዎች የሚጠይቁት አንድ ጉዳይ አለ። አባቱ ስደተኛ፣ እናቱ ኢትዮጵያዊት የሆነ ሕፃን ማን ነው የሚል ነው። በኢትዮጵያ ዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት ከሁለት ወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ልጅ በትውልድ ኢትዮጵያዊ ነው። ስለዚህ የአባቱ ስደተኛነት በልጁ ዜግነት ላይ ለውጥ አያመጣም። መዝጋቢው እናቲቱን ወደ ስደተኞች ጽህፈት ቤት ሊመልሳት አይገባም። በቀበሌዋ እንደማንኛዋም እናት ልጇን ታስመዘግባለች።